መቀነቴ ውስጥ የገባው ጦር

እኔን ምን አገባኝ? እስቲ እናንተው ፍረዱ። ፊደል ያልቆጠርኩ አሮጊት፣ ስልኬ ሲጮህ የቱን ነክቼ እንደምዘጋው ስለማላውቅ ትራስ ስር የምወሽቀው ሴትዮ፣ የጦር ሠራዊት ኔትወርክ ውስጥ ምን ልፈልግ ገባሁ? ገባሁ ስላችሁ ደግሞ ጫፉን ነካሁ ማለቴ አይደለም። ማርያምን እላችኋለሁ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ጦሩን የመራሁት እኔ ነኝ። በነጠላዬ፣ በኮንጎ ጫማዬ፣ የእርጎ ቅል ታቅፌ።

ነገሩ የመጣው በልጅ ልጄ በሰብለ ነው። ያሳደግኳት እኔ ነኝ፤ እማዬ ነው የምትለኝ። ዛሬ መቶ አለቃ ናት፣ የመገናኛ መኮንን። ገና በልጅነቷ ታስታውቅ ነበር። አንድ ቀን ሬዲዮኔን ፈታታ ገጠመችው፤ ስትገጥመው አንድ እፍኝ ብሎን ተረፋት። ሬዲዮኑ ግን ከበፊቱ አሳምሮ ይናገር ጀመር! ይሄን ያህል ብሎን ለምን ከተውበት እንደነበር እስካሁን ይገርመኛል።

ሥራሽ ምንድነው ብዬ ጠይቄያት ነበር አንዴ።

«ይኸውልሽ እማዬ፣ ድሮ የስንቁ ክፍል ለብቻው ነው፣ የነዳጁ ለብቻው፣ ሕክምናው ለብቻው። አንዱ የሌላውን አያውቅም። በሬዲዮ 'የት ናችሁ? የት ናችሁ?' ሲባባሉ ነው የሚውሉት። አሁን ሁሉንም አንድ መስመር ላይ እያስገባን ነው። ሁሉም አንድ ካርታ ያያል። መሪዋ መኪና ትንሽ ዕቃ ትይዛለች፤ ካርታው ላይ ነጥብ ሆና ትታያለች። ነጥቧ በሄደችበት ዳቦውም፣ ነዳጁም፣ አምቡላንሱም ሳይጠራ ይሄዳል። ሁሉም የሁሉንም ያውቃል።»

«እኛ ሰፈርማ ድሮም አለ» አልኳት። «ከዲጃ ትባላለች።»

ሳቀች እንጂ እውነቴን ነው። አዴ ከዲጃ ጎረቤቴ ናት፤ አጥራችን አንድ ነው፣ ጸሎታችን ለየብቻ ነው። ማን ከማን እንደተጣላ፣ የማን ላም እንደወለደች፣ እኔ ዛሬ ምን እንደበላሁ ጭምር ካርታ ሳታይ ታውቃለች።

ሰብልዬ ታዲያ አንድ ሐሳብ ነበረባት። አንድ ሻለቃ አለ። ክፉ ሰው አይደለም፣ ግን ሬዲዮ ጆሮው ላይ ተለጥፎ ያረጀ ነው። «ድምፁን ያልሰማሁትን ጦር አላዝም» ይላል አሉ። ስለዚህ በመጨረሻ እዚሁ እኛ አሰላ፣ ጭላሎ እግር ስር፣ ኮሎኔሉ ባለበት ይሞከር ተባለ። ሰብለ በመሪዋ መኪና ተራራው ላይ ወጥታ ትቆማለች፤ ሌላው ሁሉ ያለምንም ንግግር ነጥቧን ተከትሎ ይመጣል። ሙከራው ከተጀመረ በኋላ በሬዲዮ መናገር ክልክል ነው።

«ያን ቀን ማሽኑ ከተሳሳተ አለቀ፣ እማዬ» አለችኝ በስልክ። «ተመልሶ ካርቶን ውስጥ ነው የሚገባው። እኔም ሁለተኛ የሚሰማኝ የለም።»

ድምጿን ስሰማው ልቤ ባባ። እንቅልፍ አጥታ የሠራችው ሥራ ነዋ! ለሚካኤል ጧፍ ተሳልኩ። ተስዬ ዝም ብል ኖሮ ጥሩ ነበር።

አሁን ስለ አመሌ ልንገራችሁ፣ አለዚያ ነገሩ አይገባችሁም። እኔ ቤት የመጣ እንግዳ እህል ሳይቀምስ አይወጣም። «ቸኩያለሁ» ካለ ዕቃውን እደብቃለሁ። የንስሐ አባቴን ጃንጥላ ደብቄያለሁ። ላሜን ሊያክም የመጣውን የከብት ሐኪም ቦርሳ ደብቄ፣ ሰውዬው ገንፎውን እስኪጨርስ ላሚቱ ራሷ ድና ቆየችው። እናንተም ብትሆኑ እናቶቻችሁ ያደርጉታል፤ የእኔ ትንሽ በዛ ይላል እንጂ።

የሙከራው ዕለት ሁዳዴ ሳይገባ ነበር። የሰብለ መኪና በእኛ በር ነው ወደ ተራራው የሚያልፈው። እኔ ደግሞ የተቆላ ገብስ ዱቄት በቅቤ ጩኮ አሽቼ፣ ቅቤውን ጠጥቶ ጠጥቶ እንደ ወርቅ አብርቶ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ መንገዱ መሀል ቆሜ ጠበቅኳት። መኪናዋ ክላክስ ነፋች። እኔ ንቅንቅ አላልኩም!

«እማዬ፣ በእግዚአብሔር! ሥራ ላይ ነኝ!»

«መቼ ነው የሚጀመረው ሥራው?»

«ገና ትንሽ ይቀረዋል፣ ግን…»

«ትንሿን ለእኔ ስጪኝ። ሰው በባዶ ሆዱ ተራራ ይወጣል?»

ገቡ። አብሯት አስር አለቃ ገመቹ የሚባል ነበር፤ የአርሲ ኦጎልቾ ልጅ፣ ሰፊ ትከሻ፣ ሰፊ ፈገግታ። ያቺን ዕቃ የሚይዘው እሱ ነው። ሳሙና የምታህል ጥቁር ነገር ናት፣ ጫፏ ላይ ትንሽ መብራት ቦግ እልም ትላለች። እጁን ሊታጠብ መስኮቱ ላይ አስቀመጣት። ሰብልዬ ደግሞ ገና ሳትቀመጥ ሰዓቷን ታያለች።

እጄ ሥራውን ያውቃል። እኔ እንኳ ሳላዝዘው ዕቃዋን አንስቶ መቀነቴ ውስጥ ጠቅልሏት ነበር።

ጩኮውን አቀረብኩ። ገመቹ አንድ ጎረሰና ዓይኑን ጨፈነ። እኔ ግን አፈርኩ። ለአርሲ ልጅ ጩኮ ያለ እርጎ ማቅረብ ምን ማለት ነው? እርጎ ደግሞ እርጎ የምትለው የከዲጃን ነው፤ ቅሉን በእንጨት ጭስ አጥና ያረጋችው፣ ገልብጠህ ብታራግፈው እንኳ የማይወርድ። «መጣሁ፣ ጎረቤት ደርሼ ነው» ብዬ ወጣሁ። እስክመለስ ሹልክ እንዳይሉ የግቢውን በር በውጭ ቆለፍኩና ቁልፉን አንገቴ ላይ አንጠለጠልኩ።

አትዩኝ እንደዚያ። ለደቂቃ ነበር።

ከዲጃ ቤት የለችም። «ገብስ ልታስፈጭ ሄደች» አለችኝ ምራቷ። እርጎው ያለበት ጓዳ ደግሞ ቁልፉ ከዲጃ እጅ ነው፤ ከእኔ ነው የተማረችው። ታዲያ በባጃጅ እብስ አልኩና ወፍጮ ቤት ደረስኩ። ከዲጃ በዱቄት ነጭ ሆና አስፈጭታ ጨርሳለች። አንዴ ጨዋታ ከጀመርን ደግሞ እንዴት እንደሆነ ታውቁታላችሁ።

የመጀመሪያው ኦራል፣ ያ ትልቁ የወታደር መኪና፣ ያኔ መጣ። ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ገጭ ብሎ ቆመ። ወታደሮች ዘለው ወረዱ። አንድም አይናገርም! በእጃቸው የያዙትን እንደ ስልክ የሚበራ መስታወት ያያሉ፣ ቀና ብለው ወፍጮ ቤቱን ያያሉ፣ መልሰው መስታወቱን ያያሉ። ከኋላ አምቡላንስ መጣ። ከአምቡላንሱ ኋላ የነዳጅ ቦቴ። ከቦቴው ኋላ የወጥ ቤት መኪና፣ ድስቱ ከነክዳኑ እየተንኳኳ።

ባለወፍጮው ሞተሩን አጥፍቶ እጁን ወደ ላይ አነሳ። ምን እንዳጠፋ እግዜር ይወቅለት።

«ወላሂ፣ እነዚህ ሰዎች አንቺን ነው የሚያዩት» አለች ከዲጃ።

እኔም አየኋቸው። ሰብልዬ ናታ! አያቴ ብቻዋን ወጥታለች ብላ አጃቢ ልካልኝ! እንዲህ ያለ ልጅ አሳድጌያለሁ!

«የልጄ ናቸው» አልኩ፣ ወፍጮ ቤት ያለው ሁሉ እንዲሰማ። «ዛሬ ለኔ ነው የተሰማሩት።»

ከዲጃን ይዤ በጋሪ ቤቷ ሄድን፣ እርጎውን ተቀበልኩ። ባለጋሪው ጋሼ ቶላ ነው፣ የሰፈራችን ሰው። መኪኖቹም ከነወረፋቸው ተከተሉ። ስንቆም ይቆማሉ፤ ስንሄድ ይሄዳሉ። ፈረሱ ራሱ ነቃና አንገቱን ሰበር አድርጎ መራመድ ጀመረ።

«እትዬ፣ ቤትሽ እኮ ይኸው ነው፣ ላውርድሽ?» አለኝ ጋሼ ቶላ።

እዚያ ላይ ወርጄ ቢሆን ኖሮ ይሄን ሁሉ አላወራላችሁም ነበር። ግን እስቲ ልብ አድርጉልኝ፤ ዕድሜዬን ሙሉ ከኋላዬ የተከተለኝ በግ ብቻ ነው። አሁን ጦር ከነወጥ ቤቱ ተሰልፎልኛል። ታዲያ ቤቴ ገብቼ ምን ላደርግ?

«በገበያው አዙረኝ» አልኩት።

በገበያው አዞረኝ። ሽንኩርት ነጋዴዎቹ ቆመው አዩ። አንዱ ሽማግሌ ባርኔጣውን አወለቀ፤ ማን ሞቶ ነው ብሎ ሳይሆን አይቀርም። እኔም ራሴን ነቅነቅ አድርጌ ሰላም አልኩት። ጠባቧ መንገድ ላይ ስንገባ ኦራሉ አላልፍ አለ፤ ወታደሮቹ ወርደው ከጋሪው ኋላ ሩጫ ጀመሩ። አሰላ ደግሞ እንደምታውቋት ናት። እዚህ አገር የሚሮጥ ሰው ታይቶ ለምን ትሮጣለህ አይባልም፤ ስንተኛ ወጣህ ነው የሚባለው። ሕዝቡ በግራና በቀኝ ወጥቶ «በርቱ! በርቱ!» ማጨብጨብ ያዘ። አንዷ ሴትዮ ለኋለኛው ውሃ ሰጠችው። ልጁም ጠጣ፤ ምን ያድርግ፣ መናገር ክልክል ነው።

«ደስ ብሎሻል አይደል?» አለችኝ ከዲጃ።

«ትንሽ» አልኳት።

የፈረስ ጉግስ የሚጫወቱበት ሜዳ ስንደርስ አንዲት መኪና ከፊት መጥታ መንገዱን ዘጋች። ኮሎኔሉ ወረደ፤ ረጅም፣ ሽበታም፣ እርጋታው የሚያስፈራ። አጠገቡ ሻለቃው አለ። አንድ ወታደር ሰፊ መስታወት አቅፎ ይከተላቸዋል።

«እንደምን ዋሉ እናቴ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ። ምሳ በልተሃል?»

ወደ መስታወቱ አየት አደረገ። «እናቴ፣ ትንሽ ጥቁር ዕቃ አላገኙም?»

መቀነቴ! በዚህ ሁሉ ሽርሽር ጭራሽ ረስቻታለሁ! አፌን ልከፍት ስል ሻለቃው ቀደመኝ።

«ብዬ አልነበር ጌታዬ? ማሽኑ አብዷል! መቶ አለቃ ሰብለ ይሄኔ ተራራው ላይ ቆማ እየጠበቀችን ነው። ማሽኑ ግን መሪዋ መኪና ጋሪ ላይ ተቀምጣ እርጎ ታቅፋለች ይለናል!»

ሁሉም ነገር ያኔ በራልኝ። አጃቢ አይደሉም። ዕቃዋን ነው የተከተሉት። ሰብልዬም ተራራ ላይ ናት ብለው ያስባሉ፤ እሷ ግን እኔ ቤት ተቆልፎባት ጩኮ ላይ ተቀምጣለች። ዕቃዋን ካወጣሁ ከየት አመጣሽው ይሉኛል፣ ልጄ ጉድ ይፈላባታል። ማሽኑ አብዷል ከተባለ ግን ጥፋተኛው ማሽኑ ነው። ማሽን አያት የለው፣ ማን ያለቅስለታል?

ሥራዋ ካርቶን ውስጥ እንደሚገባ ያኔ ትዝ አላለኝም። ጭንቅላቴ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ነው የሚይዘው።

«ዕቃ? የምን ዕቃ?» አልኩ። «እርጎ ነው የያዝኩት። ማሽኑ ተበላሽቶ ነው ልጄ። እኔም ቤት ያለው ቴሌቪዥን ዝናብ ሲጥል እንዲሁ ነው የሚያደርገው።»

«እናታችን እንኳን ገባቸው!» አለ ሻለቃው።

መስታወት ያቀፈው ልጅ ግን «ጌታዬ፣ ነጥቡ እዚሁ ነው» አለ።

ከጋሪው ወርጄ ቀስ ብዬ ወደ ኋላ ሸሸት አልኩ።

«ወደ ኋላ እየሄደ ነው ጌታዬ።»

በፈረሱ ዞሬ ማዶ ተሸሸግኩ።

«አሁን ደግሞ ጋሪውን ዞረ።»

ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ እንደ ግንድ ቆምኩ።

«ቆመ።»

«ያ ረቢ» አለች ከዲጃ ዱቄቷን እያራገፈች።

ኮሎኔሉ አንዴ መስታወቱን፣ አንዴ ከፈረሱ ሆድ ስር የሚታየውን ኮንጎ ጫማዬን ያያል። በዚህ መሀል ሰብልዬ እየበረረች ደረሰች። አጥሬን ዘላ ነው የወጣችው፤ የአጥሬ ቁልቋል የሱሪዋን ጉልበት ቦጭቆታል። ከኋላዋ ገመቹ፣ ጢሙ በጩኮ አብርቶ።

ውሸቱን አብስዬ አቀረብኩላት። «ሰብልዬ! ከተራራው ወረድሽ እንዴ?» ብዬ ዓይኔን ጠቀስኳት። እንዳላየች ስትሆን ደገምኩት። ዓይኔ እስካሁን ያመኛል።

ሻለቃውም ቢሆን በሩን ወለል አድርጎ ነው የከፈተላት። «መቶ አለቃ፣ ማሽኑ ተበላሽቷል፣ አይደል? አንቺ ጥፋት የለብሽም። በአጭሩ እንዝጋውና ወደ ሬዲዮአችን እንመለስ።»

አንዲት «አዎ» ብቻ ነበረች የምትፈለገው፤ ያቺ «አዎ» ብትወጣ እኔና እሷ ነፃ ነን። ሰብልዬ አየችኝ። መስታወቱን አየችው፤ ነጥቧ ቦግ እልም ትላለች። ከዚያ እግሯን ገጥማ ቆመች።

«አልተበላሸም ጌታዬ። በትክክል ነው የሠራው። ዕቃው አያቴ መቀነት ውስጥ ነው። እኔ ተራራው ላይ አልነበርኩም፤ ቤቷ ገብቼ ምሳ እየበላሁ ነበር።»

ፈረሱ እንኳ ማላመጡን አቆመ።

ምን ላድርግ፣ ወጣሁ። መቀነቴን ፈታሁ። ከሠርጌ ወዲህ በወንድ ትዕዛዝ መቀነቴን ስፈታ የመጀመሪያዬ ነው፤ ያውም ጦር ቆሞ እያየ። መጀመሪያ ቅርንፉድ ወደቀ፣ ቀጥሎ የጠበል ጠርሙስ፣ ከዚያ እሷ፣ በገላዬ ሞቃ።

«ለምን ደበቋት እናቴ?»

«ሳይበሉ እንዳይሄዱብኝ ነዋ!»

የኮሎኔሉ ከንፈር ዳር ሊስቅ ብሎ ተወው። ከዚያ ዕቃዋን መልሶ እጄ ላይ አስቀመጠ። «እስቲ ያንን ባሕር ዛፍ ዞረው ይምጡልኝ።»

ዞርኩ። በሕይወቴ እንዲያ ተጠንቅቄ ተራምጄ አላውቅም። እኔን ግን የሚያይ የለም፤ ጦሩ በሙሉ መስታወቱ ላይ አቀርቅሯል። ስመለስ ኮሎኔሉ ወደ ሻለቃው ዞረ።

«በሬዲዮ ብንጠይቃት ምን ትለን ነበር?»

ሻለቃው ጢሙን አሻሸ። «ተራራው ላይ ነኝ ትለን ነበር፣ ጌታዬ። ማንም እንደዚያ ነው የሚለው። እኔም በጊዜዬ…» ብሎ የቀረውን ዋጠው።

«ኔትወርኩ ይቀጥላል» አለ ኮሎኔሉ። «የምትመራውም መቶ አለቃ ሰብለ ናት።»

እልልታዬን ለቀቅኩት። ገና ግማሽ ላይ ሳልደርስ እጁን አነሳ።

«አልጨረስኩም እናቴ። ሥራ ላይ ሆና ዕቃውን ከእጇ አውጥታ ምሳ ለገባችበት የፋሲካ ፈቃዷ ተሰርዟል። የአስር አለቃውም እንደዚሁ።»

እልልታዬን ቆረጥኩት። ፋሲካ! ልጄን ዓመት ጠብቄ የማያት በፋሲካ ነው። «ቅጣቱን ለእኔ አድርገው ልጄ፣ እኔ ነኝ የደበቅኳት» አልኩት።

«ዕቃው በእሷ ኃላፊነት ነው እናቴ» አለኝ። ቁጣ አልነበረውም፤ ግን የሚለመን ፊትም አልነበረም። ባርኔጣውን የመኪናው አፍንጫ ላይ አስቀምጦ ነበር። እጄ ወደዚያ ሲንቀሳቀስ ሰብልዬ እንዲህ አየችኝና ሰበሰብኩት።

ሲሄዱ ግን መጣች። ያን ሁሉ ወታደር ፊት አቀፈችኝ። ጆሮዬ ውስጥ «እማዬ፣ ሁለተኛ እንዳትዋሺልኝ» አለችኝ።

«ላንቺ ብዬ እኮ ነው።»

«አውቃለሁ።» ቀበቶዋን አስተካከለችና «ጩኮው ግን…» ብላ ከንፈሯን ላሰች። እርጎውን ከነቅሉ ለገመቹ ሰጠሁት። በሁለት እጁ ነው የተቀበለኝ፣ እንደ ታቦት።

በጋሪው ስንመለስ ከኋላችን የሚከተል ማንም የለም፤ አቧራ ብቻ። እኔም ንዴቴ ወጣ። ጋሼ ቶላንም፣ ፈረሱንም፣ ከዲጃንም አሰለቸኋቸው። አንዲት ቃል ብትል ምን ነበረበት? እኔ ያን ያህል ዓይኔን ስጠቅስ ምን ነበረበት? ሻለቃው ራሱ በሩን ከፍቶላት! ፋሲካን ከእኔ ጋር ትውል ነበር እኮ! በእኔ እጅ አድጋ እንዴት አንዲት ውሸት ያቅታታል?

ከዲጃ እስከ በራችን ድረስ አንድም ቃል አልተነፈሰችም። ጋሪው ሲቆም የዱቄት ከረጢቷን አወረደች፣ ቀሚሷን አራገፈች፣ ከዚያ ቀና ብላ ደህና አድርጋ አየችኝ።

«አንቺ ሴትዮ» አለች፣ «አልሃምዱሊላህ በይ። ልጅቷ አንቺን አልወጣችም።»